በቆርኪ የተከደነው ወይን

ባለፈው ዕትም ለበዓል ምን ይቀርባል ለሚል ጥያቄ ስመልስ፣ «እኔ ቤት ላምብሩስኮ አይጠፋም» ብዬ በአንድ መስመር አልፌ ነበር። ላምብሩስኮ የሰፈሬ ጋዝ ያለው ቀይ ወይን ነው። ያቺ መስመር ያመጣችው ደብዳቤ ከሌላው ሁሉ በለጠ። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ፣ ጋዙን ራሱ ለሚያበቅለውና ኪስ ለማይጎዳው ወይን ይሁን።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ የምኖረው ሰሜን ጣሊያን፣ ሞዴና አጠገብ ነው። በ1998 ዓ.ም. የመጣሁት ሶርባራ በምትባል መንደር አንዲት አሮጊት ለማስታመም ነበር፤ እኔም እንደ ልጅ ልጆቻቸው «ኖና» እላቸው ነበር፣ አያቴ ማለት ነው። ወይን የተማርኩት ከእሳቸው ማዕድና ከልጃቸው ምድር ቤት ነው። ዛሬ በከተማው ባለች ትንሽ ምግብ ቤት የወይኑን መደርደሪያ የምይዘው እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ወንድም ልጅ ክርስትና ሦስት ጠርሙስ ጋዝ ያለው ወይን ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ «ፔትናት ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ክዳኑ እንደ ቢራ ቆርኪ፣ ውስጡ ድፍርስ፣ ሥሩ ላይ ዝቃጭ። አማቴ «ይሄማ ተበላሽቷል» ብለው ወደ ጓዳ መለሱት። በሰው ፊት አፈርኩ። እውነት ተበላሽቶ ነው?
— አንባቢሽ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ። አማትሽ በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ጠርሙስና የፈረንጅ ጽሑፍ ለብሶ መጥቶባቸው ነው እንጂ። ጉሽ ነው በያቸው። ጉሽ ጠላ ድፍርስ ስለሆነ ተበላሸ የሚል ሰው የለም፤ እንዲያውም ጉሹን መርጦ የሚጠይቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይን ጭማቂ ሲፈላ እርሾው ስኳሩን ይበላና ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አልኮልና ጋዝ። ዕቃው ክፍት ከሆነ ጋዙ በኖ ይሄዳል፣ ወይኑ ጸጥ ያለ ወይን ይሆናል። ፍላቱን ሳይጨርስ ጠርሙስ ገብቶ ከተከደነ ግን ጋዙ መውጫ የለውም፤ እዚያው ወይኑ ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል። ቆርኪውን ስትከፍቺ «ጭስስ» ብሎ የሚነሳው እሱ ነው። እርሾው ስኳሩ ሲያልቅበት ይሞትና ሥር ይረጋል። አማትሽ ያዩት ዝቃጭ የእርሾው አተላ ነው፤ ጤናን የሚጎዳ ነገር የለበትም።

ፈረንሳዮች ይህን አሠራር የአያቶች ዘዴ ይሉታል፤ አንቺ የገዛሽውን «ፔቲያን ናቱሬል»፣ ሲያጥር «ፔትናት» ብለው ይጠሩታል። ስሙ ዛሬ ወጣቶች ቢያራግቡትም ሥራው ጥንታዊ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ሊሙ አጠገብ ያለው የሴንት ኢሌር ገዳም መነኮሳት በ1531 ጋዝ ያለው ወይን ይሠሩ እንደነበር ይነገራል፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም እንደዚያው። የሻምፓኝ አባት እየተባሉ ስማቸው የሚነሳው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን ያን ጊዜ አልተወለዱም፤ የተወለዱት በ1638 ነው። በሎዋር ሸለቆ ያሉት የሞንሉዊ ገበሬዎች ደግሞ ለዚህ ዓይነት ወይናቸው በ2007 የራሱን ሕጋዊ ስም አሰጥተውለታል።

በእኛ ሰፈር ትንሽ ይለያል። ወይኑ በመስከረም ይለቀማል፣ ይፈላል፤ ከዚያ ክረምቱ ገብቶ ምድር ቤቱ ሲቀዘቅዝ እርሾው ይተኛል፤ ጥቂት ስኳር ሳይበላ ይቀራል። በመጋቢት፣ በሚያዝያ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። አየሩ ሲሞቅ እርሾው ይነቃል፣ የቀረውን ይጨርሳል። አሮጌዎቹ ገበሬዎች ለዚህ ሥራ የመጋቢትን ጨረቃ ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ ያየሁበት ቀን አይረሳኝም። የኖና ልጅ ጠርሙሱን ከእጅ ማሽኑ ሥር ያቆማል፣ ቆርኪ ጣል ያደርጋል፣ ማንሻውን በአንድ እጁ ይጫናል፤ «ቀጭ»። እኔ እያቀበልኩ፣ እሱ እየከደነ፣ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ «ቀጭ፣ ቀጭ» ስንል ዋልን። በሰኔ አንዱን ከፈትነው። ቀለሙ የካርካዴ ሻይ ሲቀጥን የሚኖረው ቀለም ነው፤ አረፋው ሮዝ ሆኖ እስከ አፉ ወጣና ወዲያው ተኛ። እንጆሪ ይሸታል፣ ሲጠጡት እንደ ሎሚ ኮምጠጥ ብሎ ምራቅ ይጠራል። ኖና እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ጥሩውን፣ ላይ ላዩን ለእኛ ቀዱልንና ድፍርሱን ለራሳቸው አስቀሩ። እንግዳ ስላከበሩ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚወዱት እሱን ነው፤ «ጣዕሙ ሥሩ ላይ ነው ያለው» አሉኝ።

ስለ ቆርኪውም ማፈር የለብሽም። ሻምፓኝ ራሱ በየምድር ቤቱ ወራትና ዓመታት የሚተኛው በቆርኪ ተከድኖ ነው፤ ያ ወፍራም ቡሽና ሽቦው የሚመጣው ለገበያ ሲወጣ ነው። አንቺ ባለሽበት ጀርመን ደግሞ ቆርኪው ሌላ ጥቅም አለው። በ1902 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለባሕር ኃይል መርከቦች ገንዘብ ፈልጎ ጋዝ ባለው ወይን ላይ የጣለው ግብር ዛሬም ይከፈላል፤ በ0.75 ሊትር ጠርሙስ 1.02 ዩሮ። ግፊቱ ከ3 ባር በታች የሆነና (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሻምፓኝ ዓይነት ቡሽ የሌለው ግን ግብሩ አይነካውም። መርከቦቹ ካለቁ ስንት ዘመናቸው፣ አንቺ ግን ሱቅ ገብተሽ በቆርኪ የተከደነ ላምብሩስኮ ስታነሺ ያን ብር ሳትከፍዪ ትወጫለሽ።

የሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ አድርጊ። ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ጥርት ያለ የሚፈልግ እንግዳ ካለ ሳትነቀንቂ፣ በዝግታ ቅጂለት፤ ጉሹን ለሚፈልግ ከመክፈትሽ በፊት አንዴ ቀስ ብለሽ ገልብጠሽ መልሺው። ሳይቀዘቅዝ አትክፈቺው፣ ግማሹ ወለል ላይ ይቀራል። እውነት የተበላሸውን የምታውቂው በአፍንጫሽ ነው፤ ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ድፊው። እንቁላል እንቁላል የሚል ሽታ ከሆነ ግን ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት አቆይተሽ እንደገና አሽትቺው፤ ብዙ ጊዜ በኖ ይጠፋል።

ለአማትሽም አንድ ጠርሙስ ውሰጂላቸው፤ ሰው በሌለበት፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ከምሳ ጋር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሻምፓኝ እየተባለ የሚወደሰው ሌላ፣ አንቺ የምታወሪው ሌላ። የአንቺ በአንድ አሥረኛ ዋጋ ከተገኘ ጥራቱ ዝቅ ቢል አይደለም? ደግሞስ ከእኛ ምግብ ጋር ይሄዳል?
— ወንድምሽ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋጋው የወረደው ከሥራው ብዙ ነገር ስለተቀነሰ ነው። ሻምፓኝ አንዴ ከፈላ በኋላ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ጠርሙስ ውስጥ ዳግም ይፈላል። ሕጉ ከ15 ወር በፊት ከምድር ቤት እንዲወጣ አይፈቅድም። ከዚያ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ እየዞረ አንገቱ ወደ ታች ይዘቀዘቃል፣ አተላው አንገቱ ላይ ይሰበሰባል፣ አንገቱ በርዶ አተላው ይወጣል፣ ጎድሎ የነበረው ተሞልቶ በቡሽ ይታሸጋል። የመሬቱ ዋጋ ሲጨመርበት ሒሳቡ ወዴት እንደሚሄድ አንተው ታውቀዋለህ። ፔትናት አንዴ ይፈላል፣ ይከደናል፣ ይሸጣል።

ርካሽ የሆነበት ሌላም መንገድ አለ። የአስቲው ሰው ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ በ1895 ወይንን በትልቅ ዝግ በርሜል ውስጥ እንደገና የማፍላት ዘዴ አወጣ፤ ፈረንሳዊው ዩጂን ሻርማ በ1907 አሻሻለው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ላምብሩስኮ፣ ፕሮሴኮ የሚባለው ጋዝ ያለው የጣሊያን ነጭ ወይንም፣ በዚህ የሚሠራ ነው፤ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ ደስ የሚል ወይን ይወጣዋል። ጠርሙስ ውስጥ የፈላውን ከፈለግህ ጀርባው ላይ «ሪፈርመንታቶ ኢን ቦቲሊያ» የሚል ፈልግ። በፕሮሴኮ አገር «ኮል ፎንዶ» ይሉታል፣ ከነአተላው እንደ ማለት። እኛ ከተማ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከ8 እስከ 15 ዩሮ ይገኛል።

ዋጋው ዝቅ ስላለ ሥራው ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። የሶርባራ ወይን አበባው እንከን አለበት፤ የራሱ ብናኝ ፍሬ አያስይዘውም። ስለዚህ ገበሬው አጠገቡ ሳላሚኖ የሚባል ሌላ ላምብሩስኮ ይተክልለታል። እንዲያም ሆኖ ብዙው ዘለላ ሙሉ አይሆንም፤ ትልልቅና ጥቃቅን ፍሬ ተደባልቆ፣ በመሃሉ ክፍት ቦታ እየታየ ይንጠለጠላል። በሴኪያና በፓናሮ ወንዞች መካከል ባለው ሜዳ እንዲህ ያለውን ባለጎረቤት ተክል ለትውልዶች ተሸክመውታል። ኖና ወይን ቦታው ዳር ሲደርሱ ዘንጋቸውን ወደ ሳላሚኖው ረድፍ ቀስረው «ያለ እነዚህ እነዚያ መካን ናቸው» ይሉ ነበር።

እኔ ዘንድ ሻምፓኝ አይናቅም። የምቃወመው ለእንግዳ ክብር ማለት ውድ ጠርሙስ ማለት ነው የሚለውን ነው። ውድ ጠርሙስ ሲከፈት ሰው ይጠነቀቃል፣ ብርጭቆውን ያያል፣ አስተያየት ይፈለግበታል። ይሄኛው ሲከፈት ወሬው አይቋረጥም። አልኮሉም ብዙውን ጊዜ 11 ከመቶ አካባቢ ነው፤ ምሳ በልተህ፣ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተህ ከሰዓት ሥራህን ትሠራለህ።

ወደ ምግባችን ስንመጣ በእርግጠኝነት የምነግርህ አለኝ። ሞዴና ያለችበት ኤሚሊያ የቅቤና የስብ አገር ነው፤ ሞርታዴላ፣ በስብ የተጠበሰ ሊጥ፣ የፓርማ አይብ። ወይኑ ጎምዛዛ የሆነውና አረፋ የያዘው ለዚህ ነው፤ አፍ ላይ የተለጠፈውን ቅባት ጠርጎ ይወስዳል። ታዲያ ንጥር ቅቤ የነካው ክትፎ አጠገብ ቢቀመጥ ምን ይለዋል? ባለፈው ፋሲካ ለሥራ ባልደረቦቼ ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር አቅርቤ የቀዘቀዘ ሶርባራ ከፈትኩ፤ አንዱ የመንደሩ ሰው «ይህ ምግብ የእኛ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለክትፎና ለጥብስ «ሴኮ» የሚለውን፣ ስኳር የሌለውን ውሰድ። ለዶሮ ወጥ ግን አይሆንም፤ አረፋና አልኮል በርበሬን ያጋግለዋል። ለእሱ «አማቢሌ» የተባለውን፣ ለስለስ ብሎ ጣፈጥ የሚለውን፣ በጣም አቀዝቅዘህ አቅርብ። ለቀይ ሥጋ የሚከብድ ከፈለግህ ግራስፓሮሳ የሚባለው ጠቆር ያለው አለ።

አዲስ አበባ እያለሁ ቀይ ወይን በአምቦ ውሃ ወይም በስፕራይት ቀላቅሎ የሚጠጣ ሰው ብዙ ነበር፣ ሌላውም «ወይን አያውቅም» ይለው ነበር። እኔ ዛሬ እንደዚያ አልልም። ምላሱ የፈለገው ቀዝቃዛ፣ ቀለል ያለ፣ ቆንጠጥ የሚያደርግ ወይን ነበር፤ እንዲህ ያለ ወይን እንዳለ የነገረው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ለልጅ ልጄ ምርቃት ጠጅ ጥዬ፣ እንዳንቺ ወይን ጋዝ እንዲኖረው ብዬ በጠርሙስ ሞልቼ ዘጋሁት። በአራተኛው ሌሊት ሁለቱ ፈነዱ። ጋራዡ በሙሉ ስብርባሪ ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልነበረም። ምን አጠፋሁ?
— እናትሽ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎ። ይህን ደብዳቤ ሳነብ እጄ ራደ፤ የኖና ልጅ ግንባር ላይ በእንዲህ ያለ ጠርሙስ የተተወ ጠባሳ አለ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ፤ ሌሎችም እናቶች ያንብቡት።

ጠጅና ይህ ወይን ዘመዳሞች ናቸው፣ እሱ ላይ አልተሳሳቱም። ብርዙ በጌሾ ሆኖ ሲፈላ ያው እርሾ ነው የሚሠራው፤ ያልሰነበተ ጠጅ ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገውም ያው ጋዝ ነው። ልዩነቱ እኛ ዕቃውን በጨርቅ እንሸፍናለን እንጂ አናሽገውም። እናቶቻችን ይህን በከንቱ አላደረጉትም።

ቁጥሩን ይዩት። በአንድ ሊትር ውስጥ 4 ግራም ስኳር ቢፈላ የሚያመጣው ግፊት ወደ 1 ባር ነው። የመኪና ጎማ 2 ባር ከምናምን ነው። የእኛ ላምብሩስኮ ከ1 እስከ 2.5 ባር፣ ሻምፓኝ በ24 ግራም ስኳር ወደ 6 ባር ይደርሳል፤ ለዚህም ነው ጠርሙሱ ያን ያህል ወፍራምና ከባድ የሆነው። አሁን ወደ ማሩ ይምጡ። ከአንድ ኪሎ ማር 800 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። በአራት ሊትር ውሃ ሲበረዝ በሊትር 170 ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 40 ግራም ብቻ ሳይፈላ ቀርቶ ጠርሙሱ ቢዘጋ 10 ባር ነው። ስስ ጠርሙስ ይህን አይችልም። ወይን ሠሪው ስንት ግራም እንደቀረ በመለኪያ አይቶ ነው የሚከድነው፤ እኛ በምላስ ነው የምንለካው፣ ምላስ ደግሞ በጣፋጭ ጠጅ ላይ ያታልላል።

የተረፉትን ጠርሙሶች እንዲህ ያድርጉ። በባዶ እጅዎ አይንኳቸው። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ በወፍራም ፎጣ ሸፍነው፣ ሳይነቀንቁ ወደ ፍሪጅ ያስገቧቸው፤ ወይም ወንድ ልጅዎ ያስገባልዎ። ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል። በሚቀጥለው ቀን፣ እንደተሸፈኑ፣ ፊትዎን አዙረው ክዳናቸውን ጥቂት በጥቂት ያላሉት። ከፍንዳታው አጠገብ የነበረውንና የተሰነጠቀውን ጠርሙስ ደግመው አይጠቀሙበት፤ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባል የለ።

ለወደፊቱ ጠጁን እንደ ልማድዎ ያፍሉት፣ ያጥልሉት። ጋዝ እንዲይዝ ከፈለጉ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያድርጉት፤ ከአንገቱ በታች አራት ጣት ያህል ይጉደል። ፕላስቲኩ ይነግርዎታል፤ ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ ይግባና ቀዝቅዞ ይከፈት። መስታወት ውስጥ ግን ጣፋጭ ጠጅ አጥብቀው አይዝጉ። ለምርቃቱ እንኳን ደስ አለዎ።

ጥያቄ፦ «ተፈጥሯዊ» ስለሆነ ራስ ምታት የለውም ይላሉ። እውነት ነው?
— ከሮም

መልስ፦ እንደዚያ ብሎ የሚሸጥልሽን ሰው አትመኚ። አልኮሉ አልኮል ነው፤ ብዙ ከጠጣሽ ራስሽን ያምሻል፣ ያረገዘችም ልትቀምሰው አይገባም። ብዙዎቹ ሠሪዎች ሰልፋይት አይጨምሩም ወይም እጅግ ጥቂት ይጨምራሉ፤ ነገር ግን እርሾው ራሱ ሲፈላ ጥቂት ሰልፋይት ያወጣል። በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ እዚህ አውሮፓ ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። የሚያስቸግርሽ ከሆነ ጽሑፉን አንብቢ።

ጥያቄ፦ ረጅሙ የሻምፓኝ ብርጭቆ የለኝም። በምን ላቅርበው?
— ከሚላኖ

መልስ፦ አያስፈልግሽም። በተራው የውሃ ብርጭቆ አቅርቢው። ብርሌ ካለሽ ደግሞ አንገቱ አረፋውን ሰብሰብ አድርጎ ስለሚይዘው ሞክሪው፤ እኔ በብርሌ ቀድቼ ያሳየኋቸው የመንደሩ ሰዎች ብርሌውን ከየት እንደሚገዙ ጠይቀውኛል። ኖና ግን በብርጭቆም አይጠጡም ነበር። በዚህ አገር አሮጌ ልማድ፣ ነጭ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ነበራቸው፤ ከጥቂት አገልግሎት በኋላ ውስጡ ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ የቀረ። በሁለት እጃቸው ያነሱታል፣ አረፋው አፍንጫቸውን ይነካዋል፣ ይጠጣሉ፣ ሳህኑን ወደ እኔ ይገፉታል። ሳህኑን ልጃቸው ለእኔ ሰጥቶኛል፤ እሑድ እሑድ የምጠጣው በእሱ ነው።